ያን ቀን ያለቀሰ የለም

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ስለ ነጻነት ታጋዩ ዋሲሁን ይመር የተሠራው ፊልም ነገ ለሕዝብ ሊታይ፣ እኅቱ ወርቅያንጥፉ በባዶው አዳራሽ ለብቻዋ አይታው እንደ ጨረሰች፣ ፊልሙን ከሠራችው ከወንድሟ ልጅ ከምንታምር ጋር።

ወርቅያንጥፉ፦ አውጪያት አልሁሽ! ነገ ሰው ሳያያት ያቺን ሴትዮ ከዚህ ፊልም አውጪልኝ።

ምንታምር፦ የቷን ሴትዮ? አንቺን ሆና የሠራችውን ከሆነ አትድከሚ፣ እትዬ። እሷ አትወጣም።

ወርቅያንጥፉ፦ እኔንማ ተዪያት። በሩን ዘግታ ስትገባ ዳሌዋን ምን እንደሚያወዛውዛት ባይገባኝም፣ ተዪያት።

ምንታምር፦ ተዪያት ነው ያልሽው?

ወርቅያንጥፉ፦ «አላውቀውም» ትላለች። ብያለሁ። ያልሁትን መቼ ካድሁ? እኔ የምልሽ ስለዚያች አልቃሽ ነው። መጨረሻው ላይ ከየት መጣች ሳይባል ብቅ ብላ፣ ሬሳው ላይ ተደፍታ እሪ የምትለዋ።

ምንታምር፦ ቆይ፣ ቆይ። እኔ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ እንቅልፍ ያጣሁት አንቺን ስላሳየሁበት ትዕይንት ነው። አንቺ የምትጣዪኝ ስለ አንዲት መንገደኛ?

ወርቅያንጥፉ፦ እንቅልፍ ካጣሽማ ምን እንደ ሠራሽ ታውቂዋለሽ።

ምንታምር፦ የሠራሁት የሆነውን ነው። አባቴን የፊጥኝ አስረው በራፍሽ ድረስ አመጡት። ታውቂዋለሽ ወይ አሉሽ። አላውቀውም አልሽ። በሩን ዘጋሽ። እነሱም ወስደው መንገዱ ጫፍ ላይ ገደሉት። ከዚህ ውስጥ የፈጠርኩት አለ?

ወርቅያንጥፉ፦ የለም። አዲስ አበባ ለወዳጆችሽ ስታሳዪያቸው ምን አሉኝ?

ምንታምር፦ ማንን?

ወርቅያንጥፉ፦ እኔን ነዋ። በሩን ስዘጋ።

ምንታምር፦ አጉረመረሙ።

ወርቅያንጥፉ፦ አጉረመረሙ ብቻ?

ምንታምር፦ አንዱ ተሳደበ። ምን ያደርግልሻል?

ወርቅያንጥፉ፦ ስድቡ የእኔ ነው፤ ስጪኝ።

ምንታምር፦ «ይቺ እባብ» አለ።

ወርቅያንጥፉ፦ እባብ። እሺ። እንግዲያው ተዋናይቱን ንገሪያት፤ እባብ ዳሌ የለውም።

ምንታምር፦ አሁን ትቀልጃለሽ?

ወርቅያንጥፉ፦ ምን ላድርግ፣ ልቆጣ? ተቆጥቼ አንቺን የት ላገኝሽ? ሴትዮዋን አውጪልኝና ልሂድ። የዳውዶ ዳገት ጉልበቴን ይጠብቀዋል።

ምንታምር፦ አላወጣትም። የፊልሙ ልብ እሷ ናት። ፊልሙ የሚያልቀው በእሷ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ ማን ናት እሷ? ስም የላትም?

ምንታምር፦ ስም አያስፈልጋትም። እሷ… ሕዝቡ ናት። አገሪቱ ናት። ልጇን የተነጠቀች እናት ናት።

ወርቅያንጥፉ፦ በየትኛው በር ነው የወጣችው?

ምንታምር፦ ምን?

ወርቅያንጥፉ፦ አገሪቱ። በየትኛው በር ወጣች? እኛ ሰፈር ያን ቀን የተከፈተ በር የእኔ ብቻ ነበር፤ እሱንም አስከፍተውኝ ነው። ዶሮ እንኳ አልወጣም።

ምንታምር፦ ፊልም እንዲህ አይደለም፣ እትዬ። ተመልካቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ አብሮት ሲታገል ቆይቶ፣ ሰውዬው አስፋልት ላይ ተጥሎ ሲያይ አንድ ሰው እንዲያለቅስለት ይፈልጋል።

ወርቅያንጥፉ፦ ይፈልግ። እኛም ፈልገን ነበር።

ምንታምር፦ ደግሞ አስፋልቱን እንዳትጀምሪኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ አስፋልት ያልሽው አንቺ ነሽ። ያኔ ጭቃ ነበር። እኔ ግን ዝም ብዬሻለሁ። ስለ ጭቃው ምን አልሁ? ስለ ሸሚዙስ ምን አልሁ?

ምንታምር፦ ሸሚዙ ምን ሆነ?

ወርቅያንጥፉ፦ ተተኩሷል። ከጫካ የመጣ ሰው እንደ ሙሽራ ሚዜ ሸሚዙ ተተኩሶ! ደረቱንም ገልጦ ነው የሚሄደው፤ ብርድ የማያውቀው ጎረምሳ።

ምንታምር፦ ተዋናዩ የተሸለመ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ ይሸለም፤ እጁ ይባረክ። ዋሲሁን ግን አይደለም። ያንን ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ማዕድ ላይ ተቀምጦ፣ ጉርሻውን ይዞ ስለ ጭቁን ሕዝብ የሚናገርበትን ከየት አመጣሽው?

ምንታምር፦ ጓዶቹ ነገሩኝ። ንግግሩ ቃል በቃል የእሱ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ ንግግሩ ይሁን። ዋሲሁን ተቀምጦ እህል በልቶ አያውቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ። እናቴ ቁጭ በል እያለች ትጮሃለች፤ እሱ በሩን እያየ፣ ቆሞ ይጎርሳል። ሰሐኑን ይዤ የምከተለው እኔ ነበርሁ።

ምንታምር፦ ቆሞ መብላቱ ለታሪኩ ምን ይጨምራል?

ወርቅያንጥፉ፦ እኔ ምን አውቄ። ማታ መጥቶ በሩን በቡጢ የሚደበድበውስ? እንዲያ እየደበደበ ቢመጣ አንድ ወር አይኖርም ነበር። በጓሮ ሆኖ ጠጠር ነው የሚወረውር፤ ጣሪያው ላይ፣ አንዲት ጠጠር። ከዚያ ዝም። እኔ ወጥቼ እከፍትለታለሁ።

ምንታምር፦ ጠጠር።

ወርቅያንጥፉ፦ ጠጠር። ዝናብ የጣለ ለታ ጭንቅ ነበር፤ የትኛው የእሱ የትኛው የሰማይ እንደሆነ ሳይለይ። ስንቴ ወጥቼ በስብሼ ተመልሻለሁ።

ምንታምር፦ ይሄን… ይሄን ሁሉ ለምንድን ነው አሁን የምትነግሪኝ? ሦስቴ መጣሁ እኮ! ሦስቴ ካሜራ አስተክዬ፣ መብራት አስተክዬ ስለ አባቴ ንገሪኝ አልኩሽ። የመጀመሪያ ቀን አሞኛል አልሽ። ሁለተኛ ቀን ዕድር አለኝ አልሽ። በሦስተኛው በር አልከፈትሽም።

ወርቅያንጥፉ፦ በር መዝጋትማ እችልበታለሁ። ፊልም ሠርተሽበታል።

ምንታምር፦ በይ ሳቂ! እኔ አባቴን ከማን ልማረው? ከአንቺ? አባቴ የት ነው ስልሽ ሩቅ አገር ነው። መቼ ይመጣል ስልሽ እግርሽን ታጠቢ። የአያቴን ስም አባት አድርገሽ ትምህርት ቤት አስገባሽኝ። ምንታምር ይመር! ከፍ ስል ደግሞ እናትና አባቴ በአንድ ቀን በመኪና ተገልብጠው የሞቱ ይመስለኝ ነበር። እሷ ጫካ እንደ ቀረች፣ እሱ በራፋችን ላይ እንደ ተገደለ ከጎረቤት ነው የሰማሁት።

ወርቅያንጥፉ፦ የትኛዋ ጎረቤት?

ምንታምር፦ ሞታለች፤ አትጣዪያት።

ወርቅያንጥፉ፦ እኔው ነኛ ያለቀስሁላት። ባውቅ ኖሮ አንድ ሁለት ስንኝ እቀንስባት ነበር።

ምንታምር፦ ይኸው! ይኸውልሽ! ይሄ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ። አንቺ የደሴ አልቃሽ ነሽ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሳይተከል አንቺ ነሽ የምትጠሪው። ለሹፌሩ፣ ለዳኛው፣ ለማታውቂው መንገደኛ ደረትሽን ስትደቂ ኖረሽ፣ ለገዛ ወንድምሽ አንዲት ዘለላ የለሽም። ድምፅሽን ለፊልሙ ለምኜሽ አልነበር? ለመጨረሻው ትዕይንት፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ሙሾ አውርጂልኝ አላልኩሽም?

ወርቅያንጥፉ፦ ብለሻል።

ምንታምር፦ እምቢ አልሽ። ስለዚህ ዘፋኝ አመጣሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ ታስታውቃለች። ሬሳ ላይ ሆና ድምፅዋን ታሳምራለች።

ምንታምር፦ ቢያንስ አለቀሰችለት! በገንዘብም ቢሆን አንዲት ሴት አለቀሰችለት!

ወርቅያንጥፉ፦ ጮክ አትበዪብኝ።

ምንታምር፦ እጮሃለሁ! ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ። «በጀርባዬ አዝዬሽ ነበር፤ አንቺን ለማዳን ነው አላውቀውም ያልሁት።» ሰፈሩ ሁሉ እየተቀባበለ ነግሮኛል። በአንቺ ምክንያት፣ በአንቺ ምክንያት። እኔ አድኑኝ አላልኩም። የአራት ወር ሕፃን ነበርኩ። በእኔ አታመካኙ።

ወርቅያንጥፉ፦ እኔ እንዲህ ብዬሻለሁ?

ምንታምር፦ ሰው ሁሉ…

ወርቅያንጥፉ፦ ሰውን ተዪው። ሰው በሩን ዘግቶ ነበር አልሁሽ። እኔ፣ ወርቅያንጥፉ፣ በአንቺ ምክንያት ነው ብዬሽ አውቃለሁ?

ምንታምር፦ አንቺማ ምንም ብለሽኝ አታውቂም።

ወርቅያንጥፉ፦ በጀርባዬ ነበርሽ፤ እውነት ነው። ግን እኔ ቀድሜ አልካድሁትም።

ምንታምር፦ ምን ማለት ነው ቀድሜ?

ወርቅያንጥፉ፦ እሱ ነው የቀደመኝ። ፊልምሽ ላይ በራፌ ቆሞ ያን ሁሉ ይፎክራል፤ «ትግሉ ይቀጥላል» ይላል። አላለም። ከንፈሩ አብጦ የት ይናገራል? ገና በሩን ስከፍት አየኝ። ከኋላዬ የአንቺን ራስ አየ። ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ «ይቺን ሴትዮ አላውቃትም፤ የሰው ቤት ነው ያመጣችሁኝ» አለ።

ምንታምር፦ አባቴ?

ወርቅያንጥፉ፦ ወንድሜ። ይቺን ሴትዮ አለኝ። ሰሐን ይዤ ስከተለው ያደግሁትን። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ። ምን ልበል? አውቀዋለሁ ብል እሱን ውሸታም አደርገዋለሁ፤ የደበቀውን አወጣበታለሁ። አላውቀውም አልሁ። ተስማማን ማለት ነው።

ምንታምር፦ ከዚያስ?

ወርቅያንጥፉ፦ ከዚያ ወሰዱት። ያንቺው ተዋናይ ዞሮ በትዝብት ያየኛል፤ ሙዚቃውም ይከተለዋል። ዋሲሁን አልዞረም። ወደ ኋላ ሳይል ሄደ። ዞሮ ቢሆን እኔ አልችልም ነበር። ያን ስለሚያውቅ ነው ያልዞረው።

ምንታምር፦ ይሄንን… ነገ ሊታይ ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?

ወርቅያንጥፉ፦ ቀድሜ ብነግርሽ ምን ታደርጊው ነበር?

ምንታምር፦ እሠራው ነበራ!

ወርቅያንጥፉ፦ አትሠሪውም። ታጋይ በመጨረሻ ሰዓቱ እኅቱን ሲክድ ማን ያጨበጭባል? ገዳዩን ሽባባውን አስፎክረሽ፣ ዋሲሁንን አስፎክረሽ፣ እኔን እባብ አድርገሽ ጨረስሽው። ግድ የለኝም፤ ይቅር። አሁን የምለምንሽ አንዲት ነገር ናት። ያን ቀን ያለቀሰ የለም። ማልቀስ ክልክል ነበር። የተገደለ ልጁን አይቶ እንባው የመጣበት አጠገቡ ይጋደም ነበር። እናቴ ሐዘን እንዳትቀመጥ፣ ነጠላዋን እንዳታዘቀዝቅ፣ ያ ሽባባው ጧት ማታ እየመጣ ያያት ነበር። ያቺ ሴትዮሽ መንገድ መሐል ተደፍታ ስትጮህ ማን ዝም አላት?

ምንታምር፦ ሽባባውን ደግሞ አንቺ ጠራሽው። እኔ አልጠራሁትም።

ወርቅያንጥፉ፦ ጠራሁት። የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ነበር። ወንድሜን ጎትቶ በራፌ ያመጣው እሱ ነው። ምን አለበት ብጠራው?

ምንታምር፦ ምን አለበት? ምን አለበት ትይኛለሽ? እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እትዬ። ሽባባው ሞተ። ማንም አልገደለውም፤ አልጋው ላይ ታሞ፣ ልጆቹ ከበውት ሞተ። አንቺ እጄን ይዘሽ ወደ ድንኳኑ ገባሽ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ።

ወርቅያንጥፉ፦ ገባሁ።

ምንታምር፦ ከሚስቱ በላይ አለቀስሽ! ደረትሽን ደቃሽ፤ ወደቅሽ፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው አነሡሽ። ልጆቹን ሰው ሁሉ እየሳመ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲላቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ ሞቶ! ለእኔ አባት ዝም፣ ለገዳዩ እሪ!

ወርቅያንጥፉ፦ ገዳዩ መሆኑን ያኔ ታውቂ ነበር?

ምንታምር፦ በኋላ ነው የሰማሁት። ስሰማ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ድንኳን ነው። በማግሥቱ ነው ካንቺ ቤት የወጣሁት።

ወርቅያንጥፉ፦ ሳትሰናበቺኝ። ሹራብሽን ረስተሽ።

ምንታምር፦ አልረሳሁትም፤ ትቼው ነው። አንቺ ስለሠራሽው። ይሄን ፊልም ለምን የሠራሁ ይመስልሻል? በርሽን ስትዘጊ ሰው እንዲያይሽ ነው። አሁን ገባሽ?

ወርቅያንጥፉ፦ አዳራሹ ውስጥ ገና ስቀመጥ ገብቶኛል። በሽባባው ድንኳን ውስጥ ምን ብዬ እንዳለቀስሁ ግን አታውቂም።

ምንታምር፦ አላውቅም? አንድም ቃል አልረሳሁም። አሁን ድረስ አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆኜ በአፌ ይመጣብኛል፤ እጠላዋለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች።

ምንታምር፦ ልበልልሽ? ልበልልሽና ታፍሪ? ድንኳኑ መሐል ቆምሽ፤ ሁለት እጅሽን ራስሽ ላይ አደረግሽ፤

«ቁጭ በል እያሉት ቆሞ የሚበላ፣
ዛሬ ተጋደመ ሳይል ወደ ኋላ»

ብለሽ ደረትሽን ደቃሽ።

ወርቅያንጥፉ፦ ቀጥዪ።

ምንታምር፦ ለዚያ ሁለት ወንበር ለሚሞላ ሰውዬ! ከበላበት ለመነሣት ሰው ለሚደግፈው! ቆሞ የሚበላ አልሽው…

ወርቅያንጥፉ፦ ቀጥዪ እንጂ። ሁለተኛውን።

ምንታምር፦ ሁለተኛው… «ጠጠርህ ሲወድቅ…»

ወርቅያንጥፉ፦ አትፍሪ፤ ጨርሺው።

ምንታምር፦ «ጠጠርህ ሲወድቅ ከጣሪያዬ ላይ፣
ዝናብ ነው እያልሁ አሳለፍሁህ ወይ።»

ወርቅያንጥፉ፦ ድምፅሽ ከዘፋኟ ይሻላል።

ምንታምር፦ ሽባባው ጠጠር አይወረውርም ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ ሽባባው በርግጫ ነበር የሚከፍት።

ምንታምር፦ እትዬ።

ወርቅያንጥፉ፦ ሚስቱም ግራ ገብቷት ነበር፤ የዋህ ሴት ናት። በሠልስቱ ጠራችኝና «ወርቅዬ፣ እሱ ደግሞ ጠጠር መቼ ይወረውር ነበር?» አለችኝ። በልጅነቱ፣ አልኋት። አመነች። «ለእኔማ ምንም አይነግረኝም ነበር» ብላ አዲስ አለቀሰች።

ምንታምር፦ የአባቴ ነበር። በገዳዩ ድንኳን ውስጥ ስታለቅሺ የነበረው ለአባቴ ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ ሌላ ድንኳን ማን ፈቀደልኝ?

ምንታምር፦ የሹፌሩስ? ያ ቁጭ ብለሽ እጅሽን እያገላበጥሽ ያለቀስሽው?

ወርቅያንጥፉ፦ እሱም።

ምንታምር፦ የእማማ ደብሪቱ ባልስ? የዳኛውስ?

ወርቅያንጥፉ፦ ዳኛውን ከነጭራሹ አላውቀውም። ትልቅ ድንኳን ነው ሲሉኝ ሄድሁ፤ በትልቅ ድንኳን ሰው እንደ ልቡ ይጮሃል። የሟቹን ስም መጀመሪያ አንዴ እጠራላቸዋለሁ፤ የቀረው የእኔ ነው። ሙሾ ማንም አላስተማረኝም፣ ምንታምር። ሰው ቤት እየገባሁ ራሴ ተማርሁት። እነሱ «ይቺ ሴት እንዴት ታውቅበታለች» ይሉና ደግመው ይጠሩኛል። እኔ እሄዳለሁ።

ምንታምር፦ ሁሉም ቦታ ነበርኩ እኮ። ቀሚስሽን ይዤ። የሰፈሩ ልጆች ሲጫወቱ እኔን ከልቅሶ ልቅሶ ስትጎትቺኝ…

ወርቅያንጥፉ፦ ሕፃን ልጅ ልቅሶ ቤት የሚያዞር ማን አለ? ሰው ያማኝ ነበር። «ልጅቷን ታሳብዳታለች» አሉኝ፤ ቄሱ ሳይቀሩ ተቆጡኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ከአባትሽ ልቅሶ ትቅሪ?

ምንታምር፦ ንገሪኝ ነበራ! በዘጠኝ ዓመቴ ባይነገረኝ፣ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር? መንግሥቱም ተለወጠ። ሐውልት ቆመለት፤ ስሙ በማይክ ተጠራ። ያኔስ ምን ከለከለሽ?

ወርቅያንጥፉ፦ ያኔማ ጠርተውኛል። የክብር እንግዳ ብለው አበባ አሲያዙኝ። ላለቅስ ብዬ አፌን ስከፍት ሰው አጨበጨበ። ሐውልት ሥር አይለቀስም ለካ፤ ይጨበጨባል። አበባውን አስቀምጬ ቤቴ ገባሁ። አንቺ ደግሞ የለሽም፤ ሄደሻል። ስትመለሺ በካሜራ ነው የመጣሽው። መብራቱን ዓይኔ ላይ ደቅነሽ «ስለ ታጋዩ ይንገሩን» አልሽኝ። ይንገሩን! እኔን! እንደ ጋዜጠኛ።

ምንታምር፦ ሰው ስለነበረ ነው… ለሥራው እንዲያምር…

ወርቅያንጥፉ፦ ስለ ታጋዩ እኔ ምንም አላውቅም። የማውቀው ቆሞ የሚበላውን ነው። እሱን ደግሞ አልጠየቅሽኝም።

ምንታምር፦ አሁን እየጠየቅኩሽ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ አሁንማ አውቀሽዋል፤ በቃልሽ ወጣሽው። ለእኔ ይሄን ብቻ መልሺልኝ። ያን ቀን ከተለቀሰለት፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ድንኳን ስዞር ምን ስፈልግ ነበር? ያቺ ሴትዮ አንድ ጊዜ ተደፍታ ከጨረሰችው፣ እኔ ምን ቀረኝ? እባብ በይኝ፤ በሩን መቶ ጊዜ አዘጊኝ። ልቅሶዬን ግን ለሰው አትስጪብኝ።

ምንታምር፦ ሁለት ደቂቃ ናት እኮ፣ እትዬ።

ወርቅያንጥፉ፦ እምቢ ካልሽም ንገሪኝ። ነገ ከፊት ወንበር ያስቀመጥሽልኝን ስም አንሺው፤ እኔም አልመጣ፣ የዕድር ሴቶችም አይመጡ።

ምንታምር፦ ተቀመጪ።

ወርቅያንጥፉ፦ አልቀመጥም።

ምንታምር፦ አንቺም ቆመሽ ነው እንዴ የምትጨርሺው?

ወርቅያንጥፉ፦ የእናቴ ልጅ ነኝ።

ምንታምር፦ ተመልከቺ። ኮምፒውተሩ ይኸው፤ ፊልሙ እዚህ ነው። ይሄ ያንቺ በር ነው፤ ተዘጋ። እዚህ ላይ ይተኮሳል፤ ድምፁ ብቻ። ከዚህ እስከዚህ ደግሞ እሷ ናት። ላወጣት እችላለሁ። አሁኑኑ።

ወርቅያንጥፉ፦ እና ምን ትጠብቂያለሽ?

ምንታምር፦ ቦታዋ ባዶ ይቀራል። የምተካበት ምንም የለኝም፣ እትዬ። የተዘጋ በር፣ ጭር ያለ መንገድ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ። ሙዚቃ የለም፣ ድምፅ የለም። ሰው ማሽኑ የተበላሸ ነው የሚመስለው።

ወርቅያንጥፉ፦ ይምሰለው። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከወንበሬ ስነሣ አለመበላሸቱን ያውቃል።

ምንታምር፦ እዚህ? አዳራሽ ውስጥ?

ወርቅያንጥፉ፦ ምን አለው? ጣሪያ አለው። የሽባባው ድንኳን ከዚህ ይሻል ነበር?

ምንታምር፦ ትመጫለሽ ማለት ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ ለፊልም አልመጣም። ለልቅሶ ነው የምመጣው። የዕድሩን ሴቶች በሙሉ ይዤ፣ ስሙን ጠርቼ። የሌላ ሰው ስም ሳላስቀድም።

ምንታምር፦ ይኸው። ወጣች።

ወርቅያንጥፉ፦ ጨርሶ?

ምንታምር፦ ጨርሶ። ግን እኔ… እኔ መጨረሻ ላይ መድረክ ወጥቼ ስለ አባቴ የማደርገው ንግግር አለ። እንግዶች አሉ፤ ባለሥልጣን አለ። ያን ጊዜ ምን ብዬ ነው የምናገረው?

ወርቅያንጥፉ፦ ምንም አትናገሪም። ባለ ልቅሶ ንግግር አያደርግም። አጠገቤ ቁጭ ትያለሽ፤ ሰው በተራ እየመጣ «እግዜር ያጥናሽ» ይልሻል።